ለእግር ጉዞ ነው የመጣነው

ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሲያቆም ምን እንደሚከተል ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። እኔ ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር እገፋለሁ። እግራቸው የተቆረጠ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ ሰዎችን ከጌት ጌት ሳመላልስ እውላለሁ፤ ብዙዎቹን እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጣቸው ስኳር ነው። ስለዚህ ጓደኛችን ፀሐይነሽ ከቅዳሜው ስፖርታችን መቅረት ስትጀምር ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶኛል። ተናደድኩባት። እኔ ስፈራ የምናደድ ሰው ነኝ። እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ ከዛፍ የወደቀ ልጅ ጋ መጀመሪያ የሚደርሰው የእሷ ጥፊ ነበር።

ስፖርት ስል ትሬድሚል ላይ መሮጥ እንዳይመስላችሁ። ሎውሪ የሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ አዳራሽ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ወንድ የተባለ ሳይገባ፣ እስክስታ ነው የምንመታው። የምመራው እኔ ነኝ፤ ጎበዝ ስለሆንኩ ሳይሆን ድምፄ ስለሚሰማ።

አዳራሹ ግን የዳርሊን ነው። ዳርሊን ላኮታ ናት፤ ይቺን አገር ነጭ ሳይሞላት በፊት እዚህ ከነበሩት ሕዝቦች አንዷ። ለነሱ ሴቶች የጤና ፕሮግራም ታካሂዳለች። እነሱንም እንደኛ ስኳርና ደም ብዛት ፈጅቷቸዋል። ሐኪሞቹ ለዓመታት ሩጡ፣ ሰላጣ ብሉ ሲሏቸው የሰማ አልነበረም። ዳርሊን ከበሮ አስመጥታ፣ ሴቶቹ ዘርፍ ያለው ሻላቸውን ደርበው የእናቶቻቸውን ጭፈራ እንዲጨፍሩ ስታደርግ ግን መጡ። እኛን ያገኘችን አውሮራ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ስለ ስኳር ትምህርት ሲሰጥ ነው። ባለሙያዋ ስለ ብሮኮሊ ታስረዳለች፤ እኛ ከኋላ ተደርድረን ከእንቅልፍ ጋር እንታገላለን። ከኛ መካከል ማህፉዛ ከዳርሊን አጠገብ ተቀምጣ ስለነበር፣ ሬድ ኢንዲያን ነሽ አይደል ብላ በደስታ ጠየቀቻት። ዳርሊን ማስቲካ ማኘኳን አቁማ፣ ላኮታ ነኝ፣ አንቺስ ሶማሌ ነሽ ወይ አለቻት። ማህፉዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ወዳጅነታችን ከዚያ ጀመረ።

ዳርሊን ምንም አላስተማረችንም። ሰውነታችሁ የሚያውቀውን ይዛችሁ ኑ፣ አዳራሹና የስኳር መለኪያው ከኔ አለች። መጀመሪያ እነሱ፣ ቀጥሎ እኛ ነበር የሰዓቱ አያያዝ። እያደር ግን ማንም ተራው ሲያልቅ ወደ ቤቱ መሄድ ተወ። ማህፉዛ መርካቶ ተወልዳ ያደገች፣ ሃቫና መንገድ ላይ ትንሽ ሱቅ ያላት፣ ሶላቷን የማታሳልፍ ሴት ናት። ለደንበኛ እንኳ አትዋሽም፤ ይሄ እንጉዳይ ነገ ይበላሻል ብላ ትናገራለች፣ ኪሳራዋን ትስቅበታለች። መጋረጃው ሲዘጋ ግን ሂጃቧን አውልቃ ጉራግኛ ስትረግጥ ወለሉ ይንቀጠቀጣል።

በእስክስታ ከሁላችን የምትበልጠው ፀሐይነሽ ነበረች። ጎጃም ናት። መሃል ዴንቨር ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ውላ፣ ወገቧን ይዛ እየተንቀረፈፈች ትገባና፣ ከበሮው ሲጀምር ትከሻዋ የሌላ ሰው ትከሻ ይሆናል። ዳርሊን አንድ ቀን ፊቷ ቆማ ልትከተላት ሞክራ አንገቷ ተቀጭቶ ሰንብቷል። ስኳሯም ወርዶ ነበር፤ ሐኪሟ መድኃኒቱን ሊቀንስላት ቀጠሮ ይዞላት ነበር።

ከዚያ ሀብቱ ጠፋ።

ሀብቱ አንድ ልጇ ነው። ትታው ስትሰደድ ገና በእቅፍ ነበር፤ አያቱ አሳደጉት፣ እሳቸውም ሞቱ። የቪዛው ጉዳይ ሲጓተት፣ ሲጠፋ፣ ሲገኝ ኖሮ በመጨረሻ ለኢንተርቪው አዲስ አበባ ተጠራ። መንገዱ ጥሩ አይደለም፣ ትንሽ ልቆይ ብሏት ነበር። ቀኑ ካለፈ ሌላ አይሰጡህም፣ ዛሬውኑ ተነስ ያለችው እሷ ናት። ተነሳ። የታጠቁ ሰዎች መንገድ ላይ አውቶቡሱን አስቁመው ወጣቶቹን አወረዱ፤ አውቶቡሱ ያለነሱ ጉዞውን ቀጠለ። አብረውት የነበሩት ተሳፋሪዎች አወረዷቸው ከማለት ሌላ የሚያውቁት የለም።

መጀመሪያ ላይ ሁላችንም አብረናት ስልክ ቀጠቀጥን። ማህፉዛ በዘመዶቿ በኩል፣ እኔ አየር ማረፊያ በማገኛቸው መንገደኞች በኩል፣ ያልጠየቅነው ሰው የለም። አንዳንዱ በሕይወት አለ፣ እገሌ የሚባል ቦታ ታየ ይላል። ሌላው ዝም ይላል። ክረምቱ ወጣ፣ ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። አይዞሽ ይመጣል የሚላት ሰው ድምፅ እየሳሳ ሄደ። እሷም መጀመሪያ ሳቋን ተወች፣ ቀጥሎ እስክስታውን፣ ቀጥሎ ምሳዋን። አዳራሽ ስትመጣ ጥግ ይዛ ትቀመጥ ነበር፤ በኋላ ያንንም ተወች።

አንድ ቀን ቤቷ ሄጄ ውኃ ልጠጣ ፍሪጅ ስከፍት ኢንሱሊኑ እንደታሸገ ተደርድሯል። ምንድነው ይሄ ስላት፣ ረሳሁት አለችኝ። ኢንሱሊን ይረሳል? ጮህኩባት። የእግርሽ ጣት ጠቁሮ እያየሽው ነው፣ እግርሽን ሊቆርጡት ነው፣ ከዚያ ዊልቸሩን የምገፋልሽ እኔው ነኝ አልኳት። እሺ አለች። እሺ ስትል እምቢ ከማለት ይከፋ ነበር። በሩን ዘግቼ ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ይቺ ሴት እያየኋት ልትሞት ነው።

ለዳርሊን ነገርኳት። እነሱ ለዚህ ሕግ አላቸው። አንዲት ሴት ስትቀር አይደወልላትም፤ ስልክ ለመዋሸት ይመቻል ትላለች ዳርሊን። ሴቶቹ ተሰብስበው፣ ሻላቸውን ደርበው፣ በሯ ላይ ይቆማሉ። ስትወጣ ሰፈሯን አብረዋት ዞረው ይመልሷታል። መውጣት ያቃታት እንደሆነ ደጇ ላይ ይጨፍሩላታል። ብዙ ሴት በዚህ መንገድ ተመልሳለች። ለፀሐይነሽም እናድርግላት አለች፤ እሰይ አልን።

ቀኑን ተማከርን። አንዷ የጠዋት ሺፍት አላት፣ አንዷ የከሰዓት፣ አንዷ ልጅ ታደርሳለች። ሁላችንንም የሚያገናኘን ሰዓት ከሥራ በፊት፣ ገና ሳይነጋ ያለው ብቻ ሆነ። ብርድ ስለነበረና እነሱ ሻል እንደሚደርቡት እኛም ነጠላችንን ደርበን እንምጣ ተባባልን። ይህን ሁሉ ስናወራ ከመካከላችን አገር ቤት ያላደገች አልነበረችም። አንዳችንም አላሰብነውም። በዳርሊን ሐሳብ ደስ ብሎን ስንሯሯጥ የራሳችን ወግ ከጭንቅላታችን ወጣ።

ፀሐይነሽ የምትኖርበት ፎቅ ፓርኪንግ ውስጥ ተገናኘን። ዳርሊን ሴቶቹን የጫነችበትን ቫን ጥግ ላይ ፓርክ አደረገች። ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። ጎረቤት እንዳንቀሰቅስ በሹክሹክታ እየተነጋገርን፣ ብርዱ ስለሚቆነጥጥ ነጠላችንን እስከ አፋችን ጠቅልለን፣ በቀስታ ወደ በሯ ሄድን። ቤቷ ምድር ቤት ነው። ማህፉዛ በጣቷ ጫፍ አንኳኳች። የመስኮቱ መጋረጃ ገለጥ አለና የፀሐይነሽን ፊት አየሁት። ያኔ ገባኝ።

ጎህ ሳይቀድ፣ ነጠላ የደረቡ ሴቶች፣ በሹክሹክታ፣ ተሰብስበው በር ላይ። እኛ ጋ ይሄ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። መርዶ የሚነገረው በዚህ ሰዓት፣ እንዲህ ተሆኖ ነው። ማህፉዛን ክንዷን ይዤ፣ እንመለስ፣ እንመለስ አልኳት። ዞራ ስታየኝ እሷም ገብቷት ነበር። በሩ ተከፈተ።

ፀሐይነሽ በሌሊት ልብሷ ቆማ ፊታችንን አንድ በአንድ አየችው። ከመካከላችን አንዷ አንዳች ነገር ማለት ነበረባት፣ አፍ ያለኝ እኔ ነኝ።

"ለደህና ነው ፀሐይ። ለእግር ጉዞ ነው የመጣነው።"

መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። ለደህና ነው፣ በዚህ ስናልፍ ነው፣ እስቲ ግቢና ተቀመጪ። እኔም አባቴ የሞተ ጊዜ ለሥራ ጉዳይ ነው የመጣነው ብለውኝ ነው ያስቀመጡኝ። ፀሐይነሽ ይህን ታውቃለች። ደፉ ላይ ቁጭ አለች።

"ሞተ ያለሽ ሰው የለም" አልኳት ትከሻዋን ይዤ። ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም።

"እንግዲያው አለ በሉኝ።"

ምን እንበል? አንድ ዓመት ሙሉ ይመጣል ያልናት እኛው ነን፤ ያኔ ግን ማሉልኝ ያለን አልነበረም። ወደ ማህፉዛ ዞረች።

"አንቺ አትዋሺም። ወላሂ አለ በይኝ።"

ማህፉዛ አፏን ከፈተች። ከፍታ ዘጋችው። ፀሐይነሽ ዝምታችንን ሰማችና ሀብቴ ብላ ጮኸች። ያን ጩኸት መጻፍ አልችልም። ኋላ ላይ የቆሙት የላኮታ ሴቶች እንኳ ቃሉን ሳያውቁት አንገታቸውን ደፉ።

ጋሽ ታደሰ ላይኛው ፎቅ ነው የሚኖሩት። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ጩኸቱን ሰምተው በፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወረዱ፤ የምታለቅሰውን አዩ፣ ነጠላ የለበስነውን አዩ፣ ምንም አልጠየቁም። ለቅሶ ቤት ወሬው ከየት መጣ ተብሎ አይመረመርም። ስልካቸውን አወጡና ለእድሩ የቫይበር ግሩፕ መጻፍ ጀመሩ። ጋሽ ታደሰ ደግ ሰው ናቸው፤ ምናለ እንደ ሌላው ጡረተኛ ጠዋት ጠዋት ቢተኙ ኖሮ። ቆዩ ጋሽ ታደሰ፣ አንዴ ልንገርዎት ብዬ ወደሳቸው ስሮጥ፣ እኔ አለሁ፣ አንቺ እሷን ያዢ አሉኝ። በደንብ ሳይነጋ ወንበር የጫነ ፒክአፕ ፓርኪንጉ ውስጥ ቆሞ ነበር።

ቤቱ ሞላ። ከሥራ የቀረ፣ ታክሲውን አቁሞ የመጣ፣ የሆስፒታል ዩኒፎርሙን ያላወለቀ። ፍራሽ ተነጠፈ፣ ፀሐይነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀመጠች። አንዲት የጎጃም ሴት ሀብቱን በዓይኗ አይታው ሳታውቅ ቁመናውን እያነሳች ታስለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ። ለማን እንደማለቅስ አላውቅም፤ ልጁ ይሄኔ የሆነ ቦታ ተቀምጦ ፀሐይ እየሞቀ ሊሆን ይችላል።

ማህፉዛ ጎትታ መታጠቢያ ቤት አስገባችኝ። መልኳ አመድ መስሏል። ያልሞተ ሰው አይለቀስም፣ ይሄ ሐራም ነው፣ ከዚህ ወጥተሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው አለችኝ። አንቺ ንገሪ አልኳት። ስንከራከር ቆይተን አብረን ልንነግራቸው ተስማማን። እጅ ለእጅ ተያይዘን ወጣን።

ስንወጣ ያየነው ይህን ነው። እዝን መጥቶ ነበር። አንዲት አሮጊት ፀሐይነሽ አጠገብ ተንበርክከው ጉርሻ ይዘው፣ ቅመሺ ልጄ፣ ለነፍሱ ነው ይሏታል። እሷም አፏን ከፈተች። አላመጠች። ዋጠች። አሮጊቷ ሌላ ጠቀለሉ፣ ያንንም ዋጠች።

ወደ ፍሪጁ ሮጥኩ። ኢንሱሊኑን ይዤ መጥቼ ልውጋሽ ወይ ስላት ልብሷን ገለጥ አደረገችልኝ። ወጋኋት። ሐዘንተኛ እንደ ሕፃን ነው፤ ያበሉታል፣ ያጥቡታል፣ ያስተኙታል፣ እምቢ የማለት መብት የለውም። የኔ ጩኸት፣ የሐኪሟ ማስፈራሪያ፣ የዳርሊን አዳራሽ ያልቻለውን አንድ ጠዋት ለቅሶ ቻለው። ማህፉዛን አየኋት። ዓይኗን ከፀሐይነሽ አፍ ላይ አላነሳችም።

"እስከ ነገ" አለች ቀስ ብላ።

"እስከ ነገ" አልኳት።

በነጋው አልነገርናትም። እንዴት ብለን? ሌሊቱን እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ ከስንት ወር በኋላ። ስኳሯን ስለካ ቁጥሩ ወርዷል። ቤቱ ሰው እንደሞላ ነው። ሰው እየገባ እግዜር ያጥናሽ ይላታል፤ እሷም ቀና ብላ አንገቷን ትነቀንቃለች። ማህፉዛ ሱቋን ዘግታ ሻይ ታመላልሳለች። ለቅሶ ሲነሳ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ሲያቆም ትመለሳለች።

ዳርሊን በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ትመጣ ነበር። ማንንም ሳትጠይቅ ጫማዋን አውልቃ ትገባና ሰሐን ታጥባለች። ሲያልቅ ፍራሹ አጠገብ ተቀምጣ የፀሐይነሽን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ የጠቆረውን ጣት ታጥበዋለች፣ መድኃኒት ቀብታ ትጠቀልለዋለች። ሴቶቹ መጀመሪያ አፈሩ፤ ለቅሶ ቤት ፈረንጅ እግር ስታጥብ ምን ይባላል? ፈረንጅ አይደለችም አልኳቸው። ታዲያ ምንድናት ሲሉኝ የዚህ አገር ባላገር ናት አልኳቸው፤ ነገሩ ገባቸውና ቦታ ለቀቁላት።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰልስቱ ስለሆነ ብዙው ሰው ቤተክርስቲያን ሄዶ፣ እኔና ዳርሊን ሳህን ማጠቢያው ጋ ቆመን ሳለ ጠየቀችኝ። ያን ዕለት ቫኑ አጠገብ ስትስቁ ነበር፣ ታዲያ መሞቱን የሰማችሁት መቼ ነው አለችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰዓቱ፣ ነጠላው፣ ሹክሹክታው ምን ማለት እንደሆነ። የያዘችውን ሰሐን አስቀመጠችው። ሕጉን ያመጣሁት እኔ ነኝ አለች።

ከዚያ ስለ አያቷ እኅት አወራችኝ። በዚያ ዘመን የነጮቹ መንግሥት የነሱን ልጆች ትምህርት ቤት አስገባለሁ እያለ በግድ ይወስዳቸው ነበር፤ ያቺም ልጅ ተወሰደች፣ አልተመለሰችም። ሞተችም የሚል ሰው አልመጣም። እናትየው እስክትሞት ድረስ ቤት ቀይራ አታውቅም፤ ልጄ ስትመጣ ታጣኛለች ትል ነበር። መጠበቁ ቀስ ብሎ ጨረሳት አለችኝ ዳርሊን። "ግን መጠበቁ የሷ ነበር። ማንም ሊወስድባት አይገባም ነበር። ዛሬ ንገሯት።"

እውነቷን ነው። ማህፉዛን ጠርቻት ተነጋገርን። እሷማ ከመጀመሪያውም ይህንኑ ነው ያለችው። እኔ ልጀምር፣ አንቺ እጇን ያዢልኝ አልኳት። ገብተን ፍራሹ ላይ ግራና ቀኝ ተቀመጥን። ፀሐይ፣ አንድ ነገር ልንነግርሽ ነው ብዬ ስጀምር እጇን አነሳችና አስቆመችኝ። ቀድማ መናገር ፈልጋለች።

አመሰገነችን። እናንተ ባትደፍሩ ማንም አይደፍርም ነበር አለች። ከዚያ መድኃኒቱን ረስታው እንዳልነበረ ነገረችን። ሆን ብላ ነው የተወችው። መሶብ በከፈተች ቁጥር ሀብቱ ይታያት ነበር፤ ታስሮ፣ ርቦት፣ እጁን ዘርግቶ። እሱን መንገድ ያስወጣሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ሳይበላ እኔ እንዴት እበላለሁ አለች። እሱ ብርድ ላይ ተኝቶ እኔ እንዴት ብርድ ልብስ እለብሳለሁ? መድኃኒት ወስጄ የምድነው ለምንድነው? እንዲህ እያልኩ ነበር አለች።

"አሁን ግን ዐረፍኩ። የሞተ ሰው አይርበውም።"

ማህፉዛ እጇን እንደያዘች ነው። ፀሐይነሽ ወደ እሷ ዞረች፤ ድምጿ እንደ ልጅ ድምፅ ነበር።

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሜዳ ላይ ነው የቀረው ወይስ ተቀብሯል?"

አሁን ነው የምነግራት፣ አሁን ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ማንም የነገረን የለም፣ የምናውቀው ነገር የለም፣ ምናልባት ልጅሽ በሕይወት አለ፣ ምናልባት እየራበው ነው። ይህን ልነግራት ነው። ከዚያ ያቺ አፍ ተመልሳ ትዘጋለች። አፌን ስከፍት ማህፉዛ ቀደመችኝ።

"ተቀብሯል" አለች።

"ማን ቀበረው?"

"የሰፈሩ ሰዎች።"

"ቤተክርስቲያን?"

መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ አጥር ሥር ላደገች ሙስሊም ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣላት ቤተክርስቲያን ከመስጊዱ ጎን ያለው ነው።

"ራጉኤል። መንገዱ ዳር ያለው።"

ፀሐይነሽ ዓይኗን ጨፍና ተመስገን አለች። ደጋግማ ተመስገን አለች። ማህፉዛ እጇ ውስጥ ያለውን እጅ ስማ አስቀመጠችውና ተነሥታ ወጣች። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ስናደድ አፌ አያርፍም፤ ያኔ ግን ልናደድ እንኳ አልቻልኩም።

ቤተክርስቲያን የሄዱት መመለስ ሲጀምሩ ወጣሁ። ማህፉዛ ፓርኪንጉ ውስጥ ጋሽ ታደሰ ከደረደሯቸው ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። ዳርሊን አልፋት ወደ ቫኗ ስትሄድ አየኋት፤ ነገራችኋት ወይ ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ፣ እኔም ፊቴን አዞርኩ።

ማህፉዛ አጠገብ ተቀመጥኩ። መኪኖች ይገባሉ፣ ሰው ሐዘን ፊቱ ላይ አድርጎ ያልፈናል፣ እግዜር ያጥናችሁ ይለናል፤ አሜን እንላለን።

"ቢመጣስ?" አለች ማህፉዛ።

"ይምጣ ብቻ" አልኳት። "እሱ ይምጣ እንጂ እኛ ምን እንሆናለን? እግሩ ላይ ወድቀን ይቅር በለን እንለዋለን።"

ስናገረው ከልቤ ነበር። ራሷን ነቀነቀች፤ እሷም ያመነችበት ይመስላል። በሩ ክፍት ስለነበር ከውስጥ የፀሐይነሽ ድምፅ መጣ። የሆነ ሰው የሚበላ አቅርቦላት ኖሮ፣ ትንሽ ጨምሩልኝ እያለች ነው። ማህፉዛም ሰማችው፤ ቀና ብላ አየችኝና ቶሎ ዓይኗን ሰበረች። እኔም ሰበርኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ሰዓት በሆዴ የለመንኩት ሀብቱ ዛሬ እንዳይደውል ነው።